የሞርሞን ቤተክርስቲያንን ማን ይምራ? የዘርና የሹመት ክርክር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

መጀመሪያ ነገር፣ ሞርሞኖች እነማን ናቸው?

አሜሪካ የምትኖሩ አይታችኋቸዋል። ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርገው፣ ደረታቸው ላይ ስማቸውን ለጥፈው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በር የሚያንኳኩት ወጣቶች የነሱ ናቸው። ቤተክርስቲያኑን የመሰረተው ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል የገበሬ ልጅ ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 1830 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፋየት በምትባል ገጠር ሲመሰርተው ገና 24 ዓመቱ ነበር። ጥቂት ቀደም ብሎ መፅሐፈ ሞርሞንን አሳትሟል፤ ከወርቅ ሰሌዳ ላይ በእግዚአብሔር ኃይል የተረጎምኩት ነው ብሎ።

ዛሬ ትልቁ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። መቀመጫው ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ዩታ ሲሆን ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ይላል። ይህ ቤተክርስቲያን ሞርሞን ተብሎ መጠራቱን አይወድም። እኔ ግን ከጆሴፍ ስሚዝ የወጡትን ሁሉ ባንድ ላይ ለመጥራት ስለሚመቸኝ እጠቀምበታለሁ።

ክርክሩ በአጭሩ ምንድነው?

ጆሴፍ ስሚዝ ከሞተ በኋላ ማን ይምራ ነው። አንዱ ወገን የነቢዩ ቦታ የልጁ ነው ይላል። ሌላው ቦታው የሚተላለፈው በሹመት ነው፣ ሹመቱ ደግሞ ያለው በአስራ ሁለቱ ሐዋርያት (የመፅሐፍ ቅዱሶቹ ሳይሆኑ የራሱ የቤተክርስቲያኑ ከፍተኛ ሹመኞች ቡድን) እጅ ነው ይላል። በዚህና በዚህ በመሰሉ ነገሮች አንድ የነበረው ቤተክርስቲያን ብዙ ቦታ ተሰነጠቀ።

ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ዘር በአንድ በኩል፣ ሹመት በሌላ በኩል አድርጎ ይለያቸዋል። እኔ አልስማማም። የሹመት የሚባለው ቤተክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ አንድ የዘር ወንበር ይዞ ቆይቷል። የዘር የሚባለው ደግሞ ልጅ ስለሆነ ብቻ ማንንም አስቀምጦ አያውቅም፤ ሹመትም የጉባኤ ድምፅም ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ሁለቱን ይዘዋል፤ የተጣሉት የትኛው ይቅደም በሚለው ነው።

ጆሴፍ ስሚዝ ሲሞት ወራሽ አልነበረውም እንዴ?

ነበረው፤ ችግሩ ወራሹ አብሮት ሞተ። 1844 ላይ ጆሴፍ ኢሊኖይ ውስጥ ናቩ በምትባል ከተማ ሁሉንም ነገር ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ነቢይ ነው፣ ከንቲባ ነው፣ የከተማው ሚሊሻ ጄኔራል ነው፣ በዚያ ላይ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። ከሱ የተለዩ ሰዎች ከአንድ በላይ ሚስት የማግባቱን ሚስጥር የሚያጋልጥ ጋዜጣ ገና አንድ እትም ሲያወጡ፣ የከተማው ምክር ቤት ማተሚያው እንዲጠፋ ወሰነ፣ ጆሴፍም አስፈፀመ። በዚህ ጣጣ ካርቴጅ እስር ቤት ገባ። ጁን 27 ቀን ፊታቸውን ያጠቆሩ ታጣቂዎች ገብተው እሱንና ታላቅ ወንድሙን ሃይረምን ገደሏቸው። ጆሴፍ 38 ዓመቱ ነበር።

ሃይረም ደግሞ ወንድም ብቻ አልነበረም። ከ1841 ጀምሮ የቤተክርስቲያኑ ረዳት ፕሬዚዳንትም ፓትርያርክም (ምዕመናንን የሚባርክ ሹመኛ) ነበር። እሱ ተርፎ ቢሆን ዛሬ ይህን ገፅ የሚያነብ ሰው የሚኖር አይመስለኝም፤ የነቢዩ ወንድምም ሹመኛም ስለነበር ሁለቱንም ወገን ያስማማ ነበር። ተከታዩ ወንድም ሳሙኤል ከአንድ ወር በኋላ ታሞ ሞተ። የቀረው ዊልያም ቁጡ ነበር፣ ያልተጣላው ሰው የለም። ትልቁ ወንድ ልጅ ጆሴፍ ሣልሳዊ 11 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው ዴቪድ ደግሞ ገና በእናቱ በኤማ ሆድ ውስጥ ነው፤ የተወለደው ኖቬምበር ላይ ነው።

ነቢይ ሆኖ ተተኪውን ሳይናገር ሞተ ማለት ነው?

ተናግሯል። ግን ለብዙ ሰው ነው የተናገረው። 1834 ላይ ሚዙሪ ውስጥ ዴቪድ ዊትመርን ተተኪ እንዲሆን ሾመው፤ ዊትመር 1838 ላይ ተጣልቶ ወጣ። በዚያው በ1834 መጨረሻ ኦሊቨር ካውድሪን ረዳት ፕሬዚዳንት አደረገው፤ እሱም 1838 ላይ ተወገዘ። የካውድሪ ቦታ ነው በኋላ ለሃይረም የተሰጠው። 1844 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሐዋርያቱን ሰብስቦ የመንግሥቱን ቁልፍ ሁሉ እንዳስረከባቸው ሐዋርያቱ መስክረዋል። ልጁን ጆሴፍ ሣልሳዊን እጁን ጭኖ ባርኮ፣ አንድ ቀን እንደሚተካው ሲናገር ሰምተናል የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ አንዴ ሊበርቲ እስር ቤት፣ ሌላ ጊዜ ናቩ ውስጥ።

ስለዚህ ሁሉም ወገን የሚጠቅሰው ነገር አላጣም። ሰውየው 38 ዓመቱ ነው፤ ነገ እሞታለሁ ብሎ ቢሮውን ያስተካክል አልነበረም። እንደየጊዜው፣ እንደየሰዉ ታማኝነት ሾመ፣ ሻረ፣ ባረከ። ሲሞት ያ ሁሉ ባንዴ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

ኦገስት 8 ቀን 1844 ምን ተፈጠረ?

ናቩ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ከጆሴፍ ሁለት አማካሪዎች አንዱ ሲድኒ ሪግደን ከፒትስበርግ መጥቶ ነበር። ሪግደን አልተካሁም፣ ቤተክርስቲያኑን በሞግዚትነት ልጠብቅ ነው ያለው። ጠዋት ረጅም ንግግር አደረገ። ብሪገም ያንግ፣ የአስራ ሁለቱ ሐዋርያት አለቃ፣ የመጣው ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ የጆሴፍን ሞት የሰማው ለስብከትና ለምርጫ ቅስቀሳ በሄደበት በምስራቅ አሜሪካ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ፣ ቁልፉ ያለው በሐዋርያቱ እጅ ነው፣ ማንም ግለሰብ ከነሱ በላይ ሊቆም አይችልም አለ። ሕዝቡ እጁን አውጥቶ ሐዋርያቱን መረጠ። ሪግደን በወሩ ተወገዘ።

ዩታ ውስጥ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ያንግ ሲናገር መልኩም ድምፁም ጆሴፍን መስሎ ታየ ይላሉ፤ የኤልያስ መጎናፀፊያ በኤልሳዕ ላይ እንደወደቀው ማለት ነው። እንዲህ ብለው የመሰከሩት ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ምስክርነታቸው የተፃፈው ከዓመታት በኋላ ነው፣ በዚያው ቀን በተያዙት ማስታወሻዎች ላይ በግልፅ አይገኝም። አማኙና ታሪክ ፀሐፊው እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ እኔ የማየው ግን ሪግደንን የጣለው ተአምር ሳይሆን አሰራር ነው። ሐዋርያቱ የስደተኛውን ጉዞ፣ ገንዘቡን፣ የእንግሊዝ ስብከቱን በእጃቸው ሲያካሂዱ ቆይተዋል። ሕዝቡ ያውቃቸዋል።

ብሪገም ያንግ ያን ቀን ነቢይና ፕሬዚዳንት ሆነ?

አልሆነም። ድምፅ የተሰጠው ለአስራ ሁለቱ በቡድን ነው። ያንግ ሕዝቡን ይዞ ወደ ምዕራብ ተሰደደ፣ ጁላይ 1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሰ፣ ፕሬዚዳንት ተብሎ የተሰየመው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። ሶስት ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሐዋርያቱም ቢሆኑ አዲስ ፕሬዚዳንት መሾም ተገቢ ነው ወይ ብለው እርስ በርስ ተከራክረውበታል።

ሌላ ተፎካካሪ አልነበረም?

ሞልቶ። ሁሉንም ብዘረዝር አንላቀቅም፣ ግን ጄምስ ስትራንግ አይታለፍም። ይህ ሰው የተጠመቀው ጆሴፍ ከመሞቱ አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው፣ ፌብሩወሪ 1844። ከዚያ ጆሴፍ ፃፈልኝ የሚለውን የሹመት ደብዳቤ ይዞ ብቅ አለ፤ ቀኑ ጁን 18 ይላል፣ ነቢዩ ሊሞት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የጆሴፍ የእጅ ፅሁፍ አይደለም። ስትራንግ ግን ብልህ ጠበቃ ነበር። አንድ የ1831 መገለጥ ነበረ፤ ከጆሴፍ በቀር ማንም ተተኪውን ሊሾም አይችልም የሚል። ስትራንግ ይህንን አንስቶ ሐዋርያቱን «እናንተን ነቢይ አድርጎ የሾመ ማነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሱ ግን ደብዳቤውም አለኝ፣ መልአክም ቀብቶኛል አለ። እንደ ጆሴፍም ከመሬት የተቀበሩ የናስ ሰሌዳዎች አስቆፍሮ ተረጎመ።

ሰው ተከተለው። የጆሴፍ ወንድም ዊልያምና ከመፅሐፈ ሞርሞን ሶስት ምስክሮች (የወርቅ ሰሌዳውን አየን ካሉት) አንዱ ማርቲን ሃሪስ ሳይቀሩ ለጊዜው ከሱ ጋር ነበሩ። መጨረሻ ላይ ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ቢቨር የምትባል ደሴት ይዞ በ1850 ዘውድ ጫነ፤ አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ ንጉሥ። 1856 ላይ የራሱ ቅሬተኛ ተከታዮች ተኩሰው መቱት። ሶስት ሳምንት ያህል በሕይወት ቆየ፣ ተተኪ ሹም ሲሉት እምቢ አለ። በራሱ ትምህርት መሰረት ነቢይ የሚሆነው በመልአክ የተቀባ ብቻ ስለሆነ መውጫ አልነበረውም። ዛሬ ዊስኮንሲን ውስጥ ያሉት ተከታዮቹ በጣም ጥቂት ናቸው።

የጆሴፍ ልጅስ ምን ሆነ?

እናቱ ኤማ ብሪገም ያንግን አልወደደችውም። ጠቡ በንብረት ጀመረ፤ የነቢዩ የግል ንብረትና የቤተክርስቲያኑ ንብረት ተደባልቆ ስለነበር። ከዚያ የብዙ ሚስት ጉዳይ አለ፣ እሱን አጥብቃ ትጠላ ነበር። ሌላው ወደ ምዕራብ ሲሰደድ እሷ ልጆቿን ይዛ ናቩ ቀረች። ሌላ ባልም አገባች። ጆሴፍ ሣልሳዊ እዚያው አድጎ ሕግ አነበበ፣ ዳኛ ሆነ፣ ሃይማኖት ውስጥ ብዙም አልገባም።

በዚያው ጊዜ ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ውስጥ የቀሩ ምዕመናን አንዱን ነቢይ ነኝ ባይ ከሌላው እያማረጡ ሰልችቷቸዋል። ጄሰን ብሪግስ የሚባል ሰው 1851 ላይ መገለጥ መጣልኝ አለ፤ መሪው ከጆሴፍ ዘር ይነሳል የሚል። እነሱም ጠበቁት። ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ሲላኩበት መልሷቸዋል። በመጨረሻ ኤፕሪል 6 ቀን 1860 ከእናቱ ጋር አምቦይ፣ ኢሊኖይ ጉባኤያቸው ላይ መጣ፣ በራሴ ፈቃድ ሳይሆን በሌላ ኃይል ተገፍቼ ነው የመጣሁት አለ፣ ጉባኤውም ድምፅ ሰጥቶ ተቀበለው። ልብ በሉ፣ ልጅ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ድምፅ ተሰጠበት፣ እጅ ተጫነበት። ከዚያ 54 ዓመት መራ።

በዚህ ቤተክርስቲያን ዘሩ እስከ መቼ ቀጠለ?

እስከ 1996። ጆሴፍ ሣልሳዊ 1914 ላይ ሲሞት ልጁ ፍሬድሪክ ተተካ። ከዚያ ሌላው ልጁ እስራኤል፣ እሱ 1958 ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ሶስተኛው ልጁ ዋላስ። አባትየው ዋላስን የወለደው 1900 ላይ፣ 60ዎቹን ካጋመሰ በኋላ ስለነበር ሶስት ወንድማማቾች ተከታትለው ሊመሩ ቻሉ፣ ይህ ራሱ ይገርማል። ዋላስ 1978 ላይ በጡረታ ወጥቶ ለልጁ ለዋላስ ቢ. አስረከበ፤ የዓይን ሐኪም ነበር።

ዋላስ ቢ. ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ቤተክርስቲያኑ ደግሞ በሱ ዘመን፣ 1984 ላይ፣ ሴቶች በክህነት እንዲሾሙ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ሴት ልጅ ማውረስ በሕግ የሚከለክለው አልነበረም። ግን አላደረገውም፤ ከዘሩ ውጭ የሆነውን ግራንት መክመሪን ሾመ። መክመሪ 2004 ላይ ተተኪ ሳይሰይም ስራውን ለቀቀ። ያኔ ማነው ቀጣዩን መሪ የፈለገው? አስራ ሁለቱ ሐዋርያት! የመረጡትም የራሳቸውን ሰብሳቢ ስቲቨን ቪዚን ነው። ያንግና ሪግደን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ቤተክርስቲያኑ 2001 ላይ ስሙን ኮሚዩኒቲ ኦፍ ክራይስት ብሎ ቀይሯል፣ 2025 ላይ ደግሞ ስታሲ ክራም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች።

ብሪገም ያንግ የጆሴፍን ልጆች አልፈልግም ብሎ ነበር?

እንዲያውም ይጠብቃቸው ነበር፤ በተለይ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደውን ዴቪድን። ሁኔታው ግን መጥተው በሐዋርያቱ ስር እንዲሆኑና የብዙ ሚስት ትምህርትን እንዲቀበሉ ነው። እነሱ ደግሞ በተቃራኒው፣ አባታችን ከአንድ በላይ ሚስት አላገባም እያሉ ይሰብኩ ነበር። ዴቪድ ወደ ዩታ የመጣውም ለወንድሙ ቤተክርስቲያን ሰባኪ ሆኖ ነው። ገጣሚ፣ ሰዓሊ፣ ሰው የሚወደው ወጣት ነበር። በኋላ አእምሮው ታወከ፣ 1877 ላይ ኤልጂን፣ ኢሊኖይ የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ 1904 ላይ እዚያው አረፈ። (የዩታው ቤተክርስቲያን ጆሴፍ ብዙ ሚስቶች እንደነበሩት ዛሬ በይፋ ያምናል።)

ዛሬ ዩታ ያለው ቤተክርስቲያን መሪውን እንዴት ይመርጣል?

ፕሬዚዳንቱ ሲሞት አማካሪዎቹ ወደ አስራ ሁለቱ ይመለሳሉ፤ ከመካከላቸው ከሁሉ ቀድሞ ወደ ቡድኑ የገባው ሐዋርያ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ምርጫ፣ ቅስቀሳ፣ ድርድር የለም። የሚቆጠረው ዕድሜ ሳይሆን ቀድሞ መግባት ነው። ሕዝቡ በኋላ እጁን አንስቶ ይደግፋል።

ይህ ግን ቀስ እያለ የተለመደ እንጂ ከመጀመሪያው የተፃፈ ደንብ አይደለም። ያንግ 1877 ላይ ሲሞት ጆን ቴይለር ፕሬዚዳንት እስኪሆን ሶስት ዓመት ፈጀ። ቴይለር 1887 ላይ ሲሞት ወደ ሁለት ዓመት። ከ1898 ወዲህ ነው በቀናት ውስጥ የሚያልቀው። ዋጋው ምንድነው ካላችሁ፣ እርጅና ነው። ራስል ኔልሰን በ2018 ሲረከብ 93 ዓመቱ ነበር፣ በ101 ዓመቱ ሴፕቴምበር 2025 አረፈ። የተካው ዳሊን ኦክስም ሲረከብ 93 ዓመቱ ነው። ለወራሾች ጠብ መድኃኒት አግኝተዋል፣ ግን ወጣት መሪ አያገኙም።

ብሪገም ያንግ የራሱን ልጆች ለማውረስ አልሞከረም?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያንግ ሶስት ልጆቹን በግል፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ሐዋርያ አድርጎ ሾሟል። ሐዋርያ ሆነው ከአስራ ሁለቱ ቡድን ግን ውጭ ነበሩ። ከሶስቱ ወደ ቡድኑ የገባው ብሪገም ታናሹ ብቻ ነው። ሐዋርያነቱን ያገኘው 1864 ላይ፣ ቡድኑ ውስጥ የገባው 1868 ላይ። የሃይረም ልጅ ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ደግሞ 1866 ተሹሞ 1867 ላይ ገብቷል። ቅድሚያ የሚቆጠረው ከሹመቱ ቀን ከሆነ ያንግ ይቀድማል፤ ከገባበት ቀን ከሆነ ስሚዝ።

ኤፕሪል 1900 ላይ ወሰኑ፤ ቡድኑ ውስጥ ከገባበት ቀን ይቆጠር አሉ። ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ኦክቶበር 1901፣ ፕሬዚዳንት ሎሬንዞ ስኖው ሞተ። ቀጣዩ ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ሆነ። ብሪገም ታናሹ እስከ 1903 በሕይወት ነበር፤ ያ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ የያንግ ልጅ በአባቱ ወንበር ይቀመጥ ነበር። አስቂኙ ነገር፣ የያንግን ዘር ያስቀረው ውሳኔ የስሚዝን ዘር አመጣ።

ታዲያ የስሚዝ ዘር ዩታ ውስጥም ነበረ?

በደንብ እንጂ። ሃይረም ሲገደል ልጁ ጆሴፍ ኤፍ. አምስት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ ከያንግ ጋር ተሰደደች። ከላይ እንዳልኩት ፕሬዚዳንት ሆነ፣ እስከ 1918። ልጁ ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝም ከ1970 እስከ 1972 ፕሬዚዳንት ነበር። በመካከል ከ1945 እስከ 1951 የመራው ጆርጅ አልበርት ስሚዝ ከነቢዩ አጎት የሚወለድ ነው። ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው በሐዋርያነት ቅድሚያ ነው የደረሱት፤ ያው ግን ዘር ከልጓም ይስባል፣ ጆሴፍ ኤፍ. ልጆቹን ወደ ከፍተኛ ሹመት ሲያመጣ ያጉረመረመ ሰው ነበር።

በግልፅ የዘር የነበረው ወንበር ግን የፓትርያርክነት ነው። እኛ እንደምናውቀው የቤተክርስቲያን ርዕሰ መንበር አይደለም፤ ስራው ምዕመናንን እጅ ጭኖ መባረክ ነው። መጀመሪያ የጆሴፍ አባት ያዘው፣ ከዚያ ሃይረም፣ ለጥቂት ወራት ዊልያም፣ ከዚያ አጎታቸው፣ ከዚያ የሃይረም ልጅ ጆን፤ እሱ ከ1855 እስከ 1911 ድረስ ቆየ። ከተተኪው በኋላ 1932 ላይ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ተራው የኤልድረድ ስሚዝ ነበር፣ ግን መሪዎቹ በማን ይሁን አልተስማሙም፤ አስር ዓመት ያለ ቋሚ ሰው ቆየ። ከዚያ ከሌላው የሃይረም ዘር አንድ ሰው ተሾመ፣ ብዙም ሳይቆይ ተነሳ፣ ኤልድረድ በ1947 ገባ። 1979 ላይ በክብር ጡረታ አወጡት፣ ወንበሩንም ሳይሞሉት ተዉት። ምክንያቱ የአካባቢ ፓትርያርኮች በየቦታው በዝተዋል የሚል ነው። እኔ ግን ሌላም አያለሁ፤ ሁሉም በቅድሚያ ተራ በሚሾምበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው በደም መብት ሲቀመጥ አለቆቹ ምቾት አይሰጣቸውም። ኤልድረድ 106 ዓመት ኖሮ 2013 ላይ ነው የሞተው።

ቅዱሳት መፃሕፍታቸው የትኛውን ይደግፋሉ?

ሁለቱንም፣ ለዚህ ነው ጥቅስ ተጠቅሶ የማያልቀው። ትምህርት እና ቃል ኪዳኖች የሚባለው የመገለጥ መፅሐፍ ክፍል 107 ላይ አስራ ሁለቱ ከቀዳሚ አመራሩ (ከፕሬዚዳንቱና ከአማካሪዎቹ) ጋር እኩል ስልጣን ያለው ቡድን ናቸው ይላል። ያንግ እዚህ ላይ ቆመ። እዚያው ክፍል፣ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ክህነቱ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ የተረጋገጠ ነው ይላል። የዘር ወገን ይህን ያነባል፤ ያንግ ወገን ደግሞ እሱ ስለ ፓትርያርክነት ነው ብሎ ይመልሳል። ክፍል 86ም ክህነት በአባቶች የዘር ሐረግ እንደቀጠለ ይናገራል።

መፅሐፈ ሞርሞን ራሱ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ንጉሥ ሞዛያ ልጆቹ ዙፋኑን እምቢ ሲሉት ንግሥናን አስቀርቶ ሕዝቡ የሚመርጣቸውን ዳኞች አመጣ። ቅዱሱ መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ ከአባት ለልጅ ነው የሚተላለፈው።

ጆሴፍ ልጁን የባረከበት ወረቀት ተገኝቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ውሸት ነው፣ ግን ብዙዎችን ሸውዷል። 1981 ላይ ማርክ ሆፍማን የሚባል የሶልት ሌክ ሰነድ ነጋዴ ጃንዋሪ 17 ቀን 1844 የሚል ቀን ያለበት የቡራኬ ወረቀት አመጣ፤ ጆሴፍ ልጁን ተተኪዬ ነው የሚልበት። የዩታው ቤተክርስቲያን ወስዶ ለሌላው ቤተክርስቲያን በቆየ ብርቅ መፅሐፍ ለወጠው። እነዚያ ደግሞ ለመቶ ዓመት ሲሉት የኖሩት ነገር ማስረጃ አገኘ ብለው ደስ አላቸው።

ሆፍማን ብዙ ሰነድ ሸጠ። ማታለሉ ሊጋለጥበት ሲል ኦክቶበር 1985 ቦምብ ሰርቶ ሁለት ሰው ገደለ፤ በማግስቱ ሶስተኛው ቦምብ እሱ ራሱ ላይ ፈነዳ። 1987 ላይ ጥፋቱን አመነ፣ የዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የቡራኬ ወረቀቱም የእጁ ስራ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ይህ ልጁ አልተባረከም ማለት አይደለም፤ የቀድሞዎቹ ሰዎች ምስክርነት ከሆፍማን በፊት የነበረ ነው። የጠፋው ወረቀቱ ነው።

ፍርድ ቤት አልወሰነም?

ሞክረዋል። ሚዙሪ፣ ኢንዲፐንደንስ ውስጥ የተቀደሰ የሚሉት መሬት አለ፤ ቴምፕል ሎት ይሉታል። የያዘው ሌላ ትንሽ ቤተክርስቲያን ነው፣ አንድ ነቢይ ሳይኖረው በሐዋርያት ብቻ የሚመራ። የጆሴፍ ሣልሳዊ ቤተክርስቲያን ከሰሰ። 1894 ላይ ዳኛው እውነተኛው ተከታይ የጆሴፍ ሣልሳዊው ነው ብሎ ፈረደ፣ በ1895 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ ምክንያቱም ክሱ በጣም ዘግይቷል የሚል ነበር። የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም።

ዛሬም ከአንድ በላይ የሚያገቡት ቡድኖችስ እንዴት ይተካካሉ?

እነዚህ ዋናው ቤተክርስቲያን ከአንድ በላይ ማግባትን ሲተው የተለዩ ናቸው፤ ቤተክርስቲያኑ ያወግዛቸዋል። እዚያ ውስጥ ደም በጣም ይቆጠራል፣ አንዳንዴም ደም ያፈሳል። የአንዱ ቡድን መሪ ሩለን ጄፍስ 2002 ላይ ሲሞት ልጁ ዋረን ጄፍስ ቡድኑን ወረሰ፣ አብዛኛዎቹን የአባቱን ሚስቶች ጭምር። 2011 ላይ ቴክሳስ ውስጥ በሴት ሕፃናት ላይ በፈፀመው ወሲባዊ ጥቃት ዕድሜ ልክና 20 ዓመት ተፈረደበት። የሌባሮን ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ወንድማማቾች ነቢዩ እኔ ነኝ ተባባሉና 1972 ላይ ሜክሲኮ ውስጥ ኤርቪል ወንድሙን ጆኤልን አስገደለው።

በስሚዝ ዘር የሚመራ ቡድን ዛሬ ቀርቷል? ሁለቱ ትልልቆቹስ ይጣላሉ?

የሴቶች ሹመት ሲፀድቅ ብዙዎች ከኮሚዩኒቲ ኦፍ ክራይስት ወጥተው ነበር። ከነሱ የተወሰኑት 2002 ላይ ፍሬድሪክ ላርሰንን ነቢይ አደረጉ፤ የፍሬድሪክ ስሚዝ የልጅ ልጅ ነው፣ በሴት በኩል። ላርሰን 2019 ላይ ሞቷል።

ሁለቱ ትልልቆቹ አሁን ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። የገንዘብ ችግር የገጠመው ኮሚዩኒቲ ኦፍ ክራይስት 2017 ላይ የመፅሐፈ ሞርሞንን ለማተሚያ የተገለበጠ የእጅ ፅሁፍ በ35 ሚሊዮን ዶላር ለዩታው ሸጠ። ማርች 2024 ላይ ደግሞ ኦሃዮ ያለውን የከርትላንድ ቤተ መቅደስና ናቩ ያሉትን የነቢዩን ቤቶች ጨምሮ በ192.5 ሚሊዮን ዶላር አስረከበ። ኤማ ያንግን አልከተልም ብላ የቀረችበት ቤትም በዚህ ውስጥ አለ። ከርትላንድን ማየት የምትፈልጉ ኦሃዮ ያላችሁ ካላችሁ፣ ጉብኝቱ አሁን በነፃ ነው።